«ሲደመር ሲ» የምትገባው የት ነው?
ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ስሎፑ ተሰጥቶን ዋይን የምንፈልግበት እኩልታ) ላይ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው ኢንቴግራሉ ከብዶት አይደለም። ጉድ የምትሠራው ያቺ «ሲደመር ሲ» (+C)፣ ኢንቴግሬት ስናደርግ የምንደምራት ያልታወቀች ቋሚ ቁጥር ናት። መጨረሻ ላይ እንደ ፊርማ ጣል ያደርጓታል። ቦታዋ ግን ኢንቴግሬት ያደረግንበት መስመር ላይ ነው፤ እዚያው።

ስሎፑ ኤክስ ሲካፈል ለዋይ ነው እንበል፤ ኤክስ 0 ሲሆን ዋይ 3። ዋይን ወደ አንድ ወገን፣ ኤክስን ወደ ሌላው ወስደን ኢንቴግሬት ስናደርግ የዋይ ካሬ ግማሽ ከኤክስ ካሬ ግማሽ ሲደመር ሲ ጋር እኩል ነው። ሲ 4.5 ትወጣለች። ስለዚህ ኤክስ 4 ሲሆን ዋይ 5 ነው።

ስኩዌር ሩት ካወጣ በኋላ ሲን ያስታወሰ ተማሪ ግን «ኤክስ ሲደመር 3» ብሎ 7 ያገኛል። የእሱ መስመር ስሎፕ ሁሌም 1 ነው። በጥያቄው መሠረት ግን ኤክስ 4፣ ዋይ 7 ሲሆን ስሎፑ 4 ሲካፈል ለ7 መሆን ነበረበት፤ ያ ደግሞ 1 አይሆንም።