ስለ አሜሪካው የውስኪ አመፅ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«የውስኪ አመፅ» ሲባል ሰው ፈገግ ይላል፤ ስሙ የመጠጥ ቤት ጠብ ይመስላላ። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። አሜሪካ ሕገ መንግሥቷን ካፀደቀች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። በፒትስበርግ ዙሪያ ያሉ የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች የፌዴራሉን ግብር አንከፍልም ብለው መሣሪያ አነሱ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም ጦር ይዘው ወጡ። የቀረውን ግን እያንዳንዱ እንደፈለገው ያወራዋል።

«መጠጥ ተወደደብን ብለው ነው ያመፁት»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ግብሩ የተጣለው በጠጪው ላይ ሳይሆን በአውጪው ላይ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ግዛቶቹ በነፃነቱ ጦርነት የተበደሩትን ዕዳ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ጠቅልለውት ነበርና ለመክፈያው በ1791 የአረቄ ግብር አስወጡ።

ከአፓላቺያን ተራሮች ማዶ ያለ ገበሬ ግን ውስኪን የሚያወጣው ለመጠጣት ብቻ አይደለም። መንገዱ ገደል ነው፤ ገበያው ከተራራው ወዲያ ነው። አንድ አጋሰስ የሚችለው እህል አራት ቡሼል (የአሜሪካኖች የእህል መስፈሪያ ነው) ያህል ነው። እህሉ ውስኪ ከሆነ ግን ያው አጋሰስ የሃያ አራት ቡሼሉን ተሸክሞ ይሻገራል። በአካባቢው ጥሬ ገንዘብ ብርቅ ስለነበረ የቀን ሠራተኛው ደመወዙን በውስኪ ይቀበላል፣ ባለሱቁም ዕቃውን በውስኪ ይሰጣል። ግብሩ የሚከፈለው ግን በጥሬ ገንዘብ ነው። እንዲያውም በገፍ የሚያመርተው ትልቁ ነጋዴ በአንድ ጋሎን የሚደርስበት ግብር ከትንሹ ገበሬ ያነሰ ነበር።

አልከፈልክም ተብሎ የተከሰሰ ሰው ደግሞ የሚዳኘው ፊላደልፊያ ነው። ከፒትስበርግ 300 ማይል ገደማ ይርቃል። በፈረስ ደርሶ እስኪመለስ መሬቱ ጦም ያድራል። ኮንግረስ በ1794 አጋማሽ ክሱ በአቅራቢያው ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቅዶ ነበር፤ አመፁን የለኮሱት መጥሪያዎች ግን በአሮጌው ደንብ የወጡ ስለነበሩ አሁንም «ፊላደልፊያ ቅረብ» ነበር የሚሉት።

«በሰላም ሲቃወሙ ነው የተዘመተባቸው»

ለገበሬው ማዘን ደግ ነው፤ እኔም አዝናለሁ። አቤቱታ ጽፈዋል፣ ስብሰባ ጠርተዋል። ግን በሴፕቴምበር 1791 ሮበርት ጆንሰን የተባለውን ግብር ሰብሳቢ የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙት። ልብሱን ገፈፉት፣ ፀጉሩን ቆረጡት፣ በቅጥራን ለቅልቀው ላባ ነሰነሱበት፤ ፈረሱንም ወስደው በእግሩ ሰደዱት። አጥቂዎቹን ለይቶ ሲከስ፣ መጥሪያ እንዲያደርስ የተላከው ሽማግሌ ከብት ነጂም ተገርፎ፣ ቅጥራንና ላባው ደርሶት፣ ከዛፍ ጋር ታሰረ።

በጁላይ 1794 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታጣቂዎች የግብሩን ተቆጣጣሪ የጆን ኔቪልን ቤት ከበው አቃጠሉ። የከባቾቹ መሪ ጄምስ ማክፋርሌን በተኩሱ መሀል ሞተ። ኔቪልም ማክፋርሌንም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወገን ሆነው እንግሊዝን የወጉ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ 7,000 የሚያህል ሕዝብ ብራድክ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ በፒትስበርግ ከተማ መሀል በሰልፍ አለፈ።

«ዋሽንግተን አመፁን በደም አጠፉት፣ መሪዎቹንም ሰቀሉ»

ዋሽንግተን አስቀድመው ተደራዳሪዎች ልከዋል። ሚሊሺያ ለመጥራትም ሕጉ የሚጠይቀውን ማረጋገጫ፣ ማለትም ፍርድ ቤቶች ሕግ ማስከበር እንዳቃታቸው የሚመሰክር ቃል፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ከጄምስ ዊልሰን ተቀብለዋል። ከዚያ ነው ከአራት ግዛቶች ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሺያ ያሰባሰቡት። እሳቸው ራሳቸው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ እስካለችው ቤድፎርድ ድረስ አብረው ተጓዙ።

ጦሩ ሲደርስ የሚዋጋው አጣ። ዋነኛው መሪ ዴቪድ ብራድፎርድ ስፔን ወደምትገዛው ሉዊዚያና ኮብልሎ ነበር። እዚህ ላይ ግን «አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም» የሚሉትም ይሳሳታሉ፤ ሁለት ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች እጅ ሞተዋል። ከተያዙት መካከል ጆን ሚቸልና ፊሊፕ ዊግል በአገር ክህደት ሞት ተፈረደባቸው፤ በ1795 ዋሽንግተን ማሯቸው።

ሰውየው የአረቄ ጠላት ነበሩ የሚልም አይጠፋም። ከሥልጣን በወረዱበት በ1797 በማውንት ቨርነን እርሻቸው ላይ ራሳቸው አረቄ ማውጣት ጀመሩ፤ በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን የሚጠጋ ውስኪ ወጥቶላቸዋል።

«ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቀጥ ብሎ ከፈለ»

አልከፈለም። እምቢታው ድሮም የፔንሲልቫኒያ ብቻ አልነበረም፤ ኬንታኪን የመሰሉ የዳር አገሮች ጦር ሳይመጣባቸው ዝም ብለው ግብሩን ነፍገውታል። ቶማስ ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1802 ግብሩ ሲሰረዝ የገንዘብ ሚኒስትሩ አልበርት ጋላቲን ነበሩ፤ በ1792 ፒትስበርግ ላይ ግብሩን ለመቃወም በተጠራው ስብሰባ ጸሐፊ ሆነው ቃለ ጉባኤውን የያዙት ያው ጋላቲን።