ስማርት ፕሪቪው ላይ ኤዲት ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጮቄ ተራራ ላይ ጎሕ ሲቀድ ወይም በመስከረም ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ የሚያነሣ ሰው ፋይሉን በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው የሚይዘው። ሮው ፋይል ከባድ ነው። ትልቁ ሃርድ ዲስክ ባሕር ዳር ይቀርና ላፕቶፑ ብቻ ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ይሄዳል። የአዶቢ ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይትሩም ለዚህ የሚያዘጋጀው የተጨመቀ ቅጂ ስማርት ፕሪቪው ይባላል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከላይትሩም 5 ጋር የመጣ ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ያው ጄፔግ ነው፤ ቀለሙን ብነካው ይበላሻል»

ጄፔግ የሆኑት ላይብረሪ (ፎቶዎቹ የሚደረደሩበት የላይትሩም ገጽ) ውስጥ ለማየት ብቻ የሚያገለግሉት ተራዎቹ ፕሪቪውዎች ናቸው። ስማርት ፕሪቪው የተጨመቀ ዲኤንጂ (የአዶቢ የሮው ፋይል ዓይነት) ነው፤ ረጅሙ ጎኑ ቢበዛ 2560 ፒክስል። የሮውን ባሕርይ ስለሚይዝ ዋይት ባላንስም (የቀለም ሚዛን) ኤክስፖዠርም (የብርሃን መጠን) የደመናው ሃይላይትም (ደማቁ ክፍል) እንደ ልብ ይስተካከላሉ። አዶቢ በሰጠው ምሳሌ 14 ጊጋባይት የሚሆኑ 500 ሮው ፋይሎች ወደ 400 ሜጋባይት ይወርዳሉ።

ስማርት ፕሪቪው የሚዘጋጀው ሃርድ ዲስኩ እንደተሰካ፣ ከመንገድ በፊት፣ መብራት እያለ ነው። ኢምፖርት ሲያደርጉ በስተቀኝ ፋይል ሃንድሊንግ ሥር «ቢልድ ስማርት ፕሪቪውስ» ላይ ምልክት ያድርጉ። ፎቶዎቹ ቀድመው ከገቡ ላይብረሪ፣ ቀጥሎ ፕሪቪውስ፣ ቀጥሎ ቢልድ ስማርት ፕሪቪውስ። ከሂስቶግራሙ (ከብርሃን ግራፉ) ሥር «ኦሪጅናል + ስማርት ፕሪቪው» የሚል ጽሑፍ ሳያዩ ገመዱን አይንቀሉ።

«በተጨመቀው ላይ ከሠራሁ የመጨረሻው ፎቶ ጥራት ይወርዳል»

አይወርድም። ስላይደር ሲገፋ ካታሎጉ (የላይትሩም መዝገብ) ውስጥ ትእዛዝ ይመዘገባል እንጂ ፒክስሉ አይነካም። ሃርድ ዲስኩ ሲመለስ ያው ትእዛዝ ኦሪጅናሉ ላይ ይውላል።

«ስክሪኑ ላይ ጥርት ካለ ጥርት ያለ ነው»

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ወደ 2560 ሲወርድ ከአምስት የሚበልጡ ፒክስሎች አንድ ይሆናሉ። ኖይዙ (ፎቶው ላይ የሚታየው ብናኝ መሰል ሸካራነት) ይለዝባል፣ ትንሽ የሳተ ፎከስም ይሸፈናል። ገና ሳይነጋ በአይኤስኦ 3200 (በከፍተኛ የብርሃን ስሜት) የተነሣ ጅብራ በፕሪቪው ንጹሕ ይመስላል፤ ኦሪጅናሉ ሲከፈት ሰማዩ ኖይዝ በኖይዝ ነው። የዓባይ በረሃን ጭጋግ ለመግፈፍ ዲሄዝ የተባለው ስላይደር ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ዲሄዝ ኮንትራስት ሲያጎላ ኖይዙንና የሴንሰሩን አቧራም አብሮ ያጎላል፤ በኤፍ 16 (በጠባብ የሌንስ ቀዳዳ) የተነሣ ሰማይ ላይ የአቧራ ነጠብጣብ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ትንንሾቹ ነጠብጣቦች ግን በፕሪቪው ላይታዩ ይችላሉ።

ስለዚህ መንገድ ላይ ብርሃን፣ ቀለም፣ ክሮፕና ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማስተካከል) ይሠሩ። ሻርፕኒንግ፣ ኖይዝ ሪዳክሽንና አቧራ መጥረግ ኦሪጅናሉ ሲገኝ በ100% እየታዩ ይሠራሉ። ፎከሱ ስቷል ብሎ ፎቶ መሰረዝም እስከዚያው ይቆይ።

«ኦሪጅናሉ ባይኖርም ማተሚያ ቤት መላክ ይቻላል»

ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ይበቃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ግን 2560 ፒክስል የሚሸፍነው 21.7 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። የኤ4 ረጅም ጎን 29.7 ሴ.ሜ. ስለሆነ 3508 ፒክስል ይፈልጋል።

«ስማርት ፕሪቪው ካለኝ መጠባበቂያ አለኝ»

የለዎትም። ሃርድ ዲስኩ ወድቆ ቢሰበር የሚተርፈው ትንሿ ቅጂ ናት። ላይትሩም ሲዘጋ የሚጠይቀው ባክአፕም ካታሎጉን እንጂ ፎቶዎቹን አይገለብጥም። ሜሞሪ ካርዱ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሮው ፋይሎቹ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጡ።

«ሃርድ ዲስኩን መልሼ ብሰካውም አላወቀውም፤ እንደገና ኢምፖርት ላድርግ»

ይህን አያድርጉ፤ ኤዲት የሌለበት ሁለተኛ ኮፒ ሊገባብዎት ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ የድራይቩን ፊደል መቀየሩ፣ ወይም የፎልደሩ ስም ከላይትሩም ውጭ መለወጡ ነው። የጥያቄ ምልክት ባለበት ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር»ን ይምረጡና አዲሱን ቦታ ያሳዩት። ከላይኛው ፎልደር ከጀመሩ በሥሩ ያሉት አብረው ይመለሳሉ።