እንጎቻና ማሰሮ ውኃ

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ዛሬ የራሴን ጉድ ላውጣ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በአምስት ብር መልስ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ። ጮኼ ነው የተጣላሁት። ልጁ ነጠላዬን አየት አደረገና "እህቴ፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሽው?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ራሴን ስወቅስ ዋልኩ። ጸሎት ቢያንሰኝ ነው፣ ስግደት ልጨምር እያልኩ። ማታ ድሮ ፒያሳ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ደወሉ። ድምፄን እንደሰሙ "በልተሻል?" አሉኝ።

"ጾም ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ጾሙማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን የማታ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ የምን ጾም ነው? አንቺ ሩጫ ላይ ነሽ።"

እውነታቸውን ነው። ሌሊት ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ብተኛ ነው፣ ቀን ሥራ፣ ማታ የመዝሙር ጥናት፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ደግሞ በቡና ነበር የማሳልፈው። ይህን ሁሉ "ተጋድሎ" ብዬው ነበር።

ያን ሰሞን መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19ን ደግሜ አነበብኩ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አውርዶ፣ የበኣል ጣዖትን 450 ነቢያት አሳፍሮ ሲያበቃ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ዛተችበትና ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያ ተወው። ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባና ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ። ትናንት እሳት ያወረደ ሰው! እምነት ስላነሰው ነው የሚል ካለ ምዕራፍ 18ን ያንብብ።

እግዚአብሔርም ያን ሰዓት አልገሠጸውም። እንቅልፍ ሲወስደው እንዲተኛ ተወው። መልአክ መጥቶ ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ራስጌው ያገኘውን ምግብ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምን ብሎ እንደጻፈው ታውቃላችሁ? እንጎቻ። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ምጣዱ አጠገብ ለሚቁለጨለጨው ልጅ በተረፈችው ሊጥ የምትጋግራት ትንሿ እንጀራ። እኔ እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁሌም እንባዬ ይመጣል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ተራራ ደረሰ። መብላትና መጾም የተጣሉት እኛ ጋ ነው እንጂ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አብረው ነው ያሉት። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ጨጓራችሁ የሚያሠቃያችሁ፣ ስለ ጾሙ በራሳችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። እኔ አሁን ከሥራ በፊት ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር በእግሬ እወርዳለሁ። ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እየደገምኩ። መውጣቱን አትጠይቁኝ፣ በታክሲ ነው።

የአእምሮው ነገር ይበልጥ ይከብዳል፤ እኛ መንደር "ተጨንቄአለሁ" ማለት አሁንም ያሳፍራል። ኤልያስ ግን ኮሬብ ላይ ብሶቱን ሁለት ጊዜ፣ ቃል በቃል ያንኑ ተናግሯል። እግዚአብሔርም ሁለቴ ጠይቆ ሁለቴ ሰማው። ነፋሱ፣ ምድር መናወጡ፣ እሳቱ ካለፉ በኋላ የመጣው ደግሞ "ትንሽ የዝምታ ድምፅ" ነው። ስልኬ አልጋ ላይ አብሮኝ እያደረ ያንን ድምፅ እንዴት ልስማ? አሁን ሳሎን ነው የሚያድረው። ከዚህ ያለፈ ጭንቀት፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ መኖርን የሚያስጠላ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበሉን ጠጡ፣ ተጠመቁ፤ መድኃኒትሽን ጣዪ የሚላችሁን ግን አትስሙ። እዚህ ላይ አልለሳለስም።

ኤልያስ "ብቻዬን ቀረሁ" ሲል የተሰጠው መልስ ደግሞ ይገርመኛል። ለበኣል ያልተንበረከኩ 7000 አሉ ተባለ። ቀጥሎም በ12 ጥማድ በሬ እርሻ ላይ የነበረውን ኤልሳዕን እንዲጠራ ተላከ። ብላቴናውን ጥሎ የሄደ ሰው ጓደኛ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ሳንፈልግም ተበትነናል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሰፈሮች ስንነሣ ግድግዳው ብቻ አልነበረም የፈረሰው። ጠዋት እሳት የምንጫጫርባት ጎረቤት፣ ዕድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ ሁሉ ከተማው ዳር ዳር ሄዷል። ድሮ አጥር ተሻግሬ የምጠጣውን ቡና አሁን ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የምሄድለት፣ ሰልፉን ሳይጨምር። ብዙ ጊዜ "ሳምንት እመጣለሁ" እያልኩ አልፌዋለሁ፤ ለአገልግሎት ጊዜ አጥቼ አላውቅም፣ ለሰው ግን አጣለሁ።

እኚያ እናት የዚያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት "ዓርብ ነይ፤ አቦሉ ካለፈሽ በረካው ይጠብቅሻል" አሉኝ። ሄድኩ። ስደርስ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ከቡናው በፊት ግን ሽሮ አቀረቡልኝ፣ ሰዓቱን አይተው፣ ዘጠኝ ማለፉን አረጋግጠው።