የካናዳ መሪዎች ወደ ሰሜን ሲጓዙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የካናዳ መሪ ወደ አርክቲክ በሄደ ቁጥር አንድ ዓይነት ፎቶ ይለቀቃል። ወፍራም ጃኬት፣ በረዶ፣ ከበሮ፣ ፈገግታ። ከፎቶው ሥር የሚደረደረው አስተያየትም አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ካናዳ ያለን ሐበሾችም ብዙውን ሳናጣራ እንደግመዋለን። እስቲ አንዳንዶቹን እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ትልቅ ባለሥልጣን ሆና ጥሬ ልብ በላች! ምን ዓይነት አረመኔነት ነው?»

ይሄ የተባለው በሜይ 2009 ነው። ወይዘሮ ሚካኤል ዣን ያኔ የካናዳ ገቨርነር ጄነራል፣ ማለትም የንግሥቲቱ ተወካይ፣ ነበሩ። ሄይቲ ተወልደው በልጅነታቸው በስደት ካናዳ የገቡ ሴት ናቸው። ኑናቩት የራሷ አስተዳደር ያላት ግዛት ከሆነች 10 ዓመት ሞልቷት ነበር። እሳቸውም እዚያው ኑናቩት ውስጥ፣ ራንኪን ኢንሌት በምትባል መንደር በተዘጋጀ የሕዝብ ግብዣ ላይ ተገኙ።

ወለሉ ላይ የታረደ ሲል ተጋድሟል። ሲል በአማርኛ አቆስጣ የምንለው የባሕር እንስሳ ነው። ወይዘሮዋ ተንበረከኩ። ኡሉ የሚባለውን፣ ስለቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የሴቶች ቢላ ተቀብለው ሥጋውን ከቆዳው ለዩ። ከዚያ ልቡን መቅመስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ተቆርጦ ተሰጣቸው፤ በሉት። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ የእንስሳት መብት ተሟጋቾችም አወገዟቸው።

ሌላው ቢጸየፍ አይገርመኝም። ቁርጥ በሚጥሚጣ እየበላ ያደገ ሰው ሲጸየፍ ግን ያሳዝነኛል። ባለቤቱ ሲያጎርስህ አፍህን አትዘጋም። ለኢኑይት፣ ማለትም ለአርክቲክ ተወላጅ ሕዝብ፣ ሲል ማለት ምግብ ነው፣ ልብስ ነው፣ ድሮ ደግሞ የመብራት ዘይትም ነበር። አትክልት በማይበቅልበት ምድር ቫይታሚን ሲ የሚገኘው ካልበሰለ ሥጋና ከዓሣ ነባሪ ቆዳ ነበር። ጥሬ መብላት እዚያ የቆየ ጥበብ ነው።

ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ የአውሮፓ ፓርላማ የሲል ውጤቶች ንግድ እንዲታገድ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እገዳው «ኢኑይትን አይመለከትም» የሚል ልዩ አንቀጽ አለው። ነገር ግን እነሱ ይህን ከዚህ በፊት አይተውታል። በ1983 አውሮፓ የሲል ግልገል ቆዳ ስታግድ ኢኑይት የሚያድኑት በአብዛኛው ሌላ ዓይነት፣ ያደገ ሲል ነበር። ቢሆንም ገበያው በሙሉ ተበላሸ፤ የአዳኙ ቤተሰብ ገቢም አብሮ ወደቀ። ስለዚህ ያቺ አንዲት ጉርሻ «ከእናንተ ጋር ነኝ» ማለት ነበረች። እኔ እንደገባኝ ሕዝቡም የተቀበላት እንደዚያ ነው።

«ገቨርነር ጄነራልና ጠቅላይ ሚኒስትር ያው ናቸው»

አይደሉም። አገር የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ገቨርነር ጄነራል የንጉሡ (ያኔ የንግሥቲቱ) ተወካይ ነው። በጀት አይመድብም፣ መንገድ አያሠራም። ይዞት የሚሄደው ክብርና ጆሮ ነው።

«እዚያ ያለው በረዶ ብቻ ነው፤ ኤስኪሞዎች በበረዶ ቤት ይኖራሉ»

መጀመሪያ ስሙን እናርም። «ኤስኪሞ» ካናዳ ውስጥ የተተወ ስም ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ኢኑይት ብለው ነው፤ ለአንድ ሰው ሲሆን ኢኑክ ይባላል። የበረዶ ቤት ለአደን ጉዞ የሚሠራ መጠለያ ነው። ሰው የሚኖረው ተራ ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙው ቤት ግን እግር አለው። ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖረው መሬት በቤቱ ሙቀት ቀልጦ እንዳይላላ ቤቱን በቋሚዎች ከፍ ያደርጉታል።

ኑናቩት በስፋት ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ልታክል ምንም አይቀራትም። በ2021 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን ወደ 37,000 ነው፤ 25 መንደርና ከተማ ውስጥ ተበትኖ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ትኩስ ምግብ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከባድ ዕቃ በረዶው ሲሟሟ በመርከብ። የሸቀጥ ዋጋ ሰማይ የነካው ለዚህ ነው።

«ኢኑይት እስከ ሰሜን ዳር ድረስ የሄዱት ወደው ነው»

ሁሉም አይደሉም። ይሄ ልቤን የሚነካኝ ታሪክ ነው። በ1953 እና በ1955 የካናዳ መንግሥት ከሰሜን ኬቤክ፣ ከኢኑክጁዋክ፣ ቤተሰቦችን በመርከብ ጭኖ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ወሰዳቸው። ዛሬ የኑናቩት ሰሜን ጫፍ በሆኑት ሪዞሉት እና ግሪስ ፊዮርድ አራገፋቸው። ክረምቱ ፀሐይ ለወራት የማትወጣበት ነው፤ የሚያውቁት አደንም አልነበረም። ከፈለጋችሁ በሁለት ዓመት ትመለሳላችሁ ተባሉ፤ ቃሉ አልተጠበቀም። ብዙዎቹ «መሬቱ የካናዳ ነው ለማለት እኛን እንደ ባንዲራ ተከሉን» ይላሉ። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በ2007 ስለ አርክቲክ ሉዓላዊነት የተናገሩት እዚያችው ሪዞሉት ቆመው ነው።

«የመሪ ጉብኝት ፎቶ ብቻ ነው፤ የሚባለው አይሠራም»

ግማሹ እውነት ነው። ሃርፐር በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደ ሰሜን ይሄዱ ነበር። በዚያ በ2007 ጉዞ ኑናቩት ውስጥ ናኒሲቪክ ላይ የባሕር ኃይል ወደብ እንደሚሠራ ተናገሩ። እቅዱ ተቀንሶ ተቀንሶ በበጋ ብቻ የሚሠራ የነዳጅ መቅጃ ሆነ፤ የተባለለት ጊዜም አለፈ። በሌላ በኩል ከኑናቩት በስተ ምዕራብ ባለው ግዛት፣ ከኢኑቪክ እስከ ቱክቶያክቱክ ያለውን መንገድ ሥራ በጃንዋሪ 2014 እዚያው ተገኝተው አስጀመሩ። በኖቬምበር 2017 ተከፈተ፤ ዛሬ መኪና እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ይደርሳል።

«ጎብኚው ሁሌ ከደቡብ የሚመጣ እንግዳ ነው»

ሜሪ ሳይመን በ2021 የመጀመሪያዋ ተወላጅ ገቨርነር ጄነራል ሆኑ። እናታቸው ኢኑክ ናቸው፤ የተወለዱትም ኑናቪክ፣ ማለትም በሰሜን ኬቤክ ባለው የኢኑይት ምድር፣ ካንጊቅሱዋሉጁዋክ ነው። በ2022 ወደ ኑናቪክ ለጉብኝት ሲሄዱ አገራቸው መግባታቸው ነበር። ከአዛውንቶቹ ጋር ለመጫወት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ የኢኑይት ቋንቋ ኢኑክቲቱት የእናታቸው ቋንቋ ነው።