ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች

በቅርቡ ጎንደር ውስጥ፣ በአንድ ሰርግ ላይ ስለ ቋንቋ ጨዋታ ተነሥቶ አንድ የተማሩ ሰው «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ሲሉ ሰማሁ፤ ቋንቋዎችን የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር የለም ለማለት ነበር። አባባሉ ግን ይህን አይልም።

በእኔ እምነት ይህን አባባል የፈጠሩት ማማ ላይ የዋሉ ልጆች ናቸው። ደምቢያ ሜዳ ላይ ማሽላው ሲያሸት በእርሻው መካከል ባላ እንጨት ተተክሎ ማማ ይሠራል፤ ግሪሳ የሚበረታው ጠዋትና ወደ ማታ ስለሆነ እኛ ልጆቹ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘን በማለዳ እንወጣ ነበር። ጭጋግ ሜዳውን ሲሸፍነው ዓይን አይረዳምና የግሪሳውን ማረፊያ የምንለየው በጆሮ ነበር። ከዳባት የመጣ የአክስቴ ልጅ ታዲያ የደምቢያን ወፎች አዳምጦ «የእኛዎቹ እንዲህ አይሉም» ይል ነበር፤ የእሱም አገር ወፎች እንደሚጮኹ ግን የተጠራጠረ አልነበረም።

ፒተር ማርለር የተባሉ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ባጠኑት አንድ የወፍ ዝርያ ዜማው ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ጫጩቷ የሰፈሯን ዜማ ከትልልቆቹ ሰምታ ትማራለች፤ የሌላ ዝርያ ዜማ ብቻ ቢያሰሟት ግን አትይዘውም። የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ ስለ ሰው የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሕፃን ሁሉ ለሰዋስው የሚሆን የጋራ መሠረት ይዞ ይወለዳል፣ የየአገሩ ቋንቋም በዚያ ላይ ይበቅላል። «እናትየዋ ልጆቹን ጠራች» ስንል ግሱ አጠገቡ ያሉትን ልጆች አልፎ ከራቀችው እናት ጋር ይስማማል፤ ይህን ቁጭ ብሎ ለሕፃን የሚያስረዳ ወላጅ ግን አላየሁም። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግም እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አነጻጽረው፣ በተለመደው የቃላት ቅደም ተከተል ባለቤቱ ተሳቢውን የሚቀድመው በሁሉም ዘንድ ለማለት በሚያስደፍር መጠን መሆኑን ጽፈዋል። በጎንደር ምድር ግእዝ ግሱን ያስቀድማል፣ አማርኛና ቅማንትኛ ወደ መጨረሻ ያመጡታል፤ ባለቤቱ ከተሳቢው መቅደሙ ግን የሦስቱም ልማድ ነው።

እንደ ኒኮላስ ኢቫንስና ስቲቨን ሌቪንሰን ያሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ቋንቋዎች ሁሉ የጋራ መሠረት አላቸው የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። የእኔ ልብ የሚያዘነብለው ግን ወደ ማማው ልጆች ነው፤ እነሱ ልዩነቱንም አንድነቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናግረዋልና።

ከሁሉ የሚከፋኝ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ አፉን ሲከፍት በዚህ አባባል ሲሳለቁበት ማየት ነው። የዚያ ልጅ አነጋገር ከከተሜው ያነሰ ሰዋስው የለውም፤ አባባሉንም ያወረሱን የእሱ ዓይነት ልጆች ይመስሉኛልና በራሱ ቅርስ ባናዋርደው ደግ ነበር።