የሳተላይት ሬዲዮ ፉክክርና የጅማ አድማጭ

ከሳተላይት በቀጥታ ወደ አድማጭ የሚደርስ ሬዲዮ ወደ ጅማ ሰማይ የገባው በወርልድስፔስ ነው። ኩባንያውን ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱት ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 መሠረቱት፤ አፍሪስታር የተባለው ሳተላይቱ በ1998 ተወንጭፎ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ቆመ።

ጅማ ላይ ዲሽ አያስፈልገውም ነበር። ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና ወደ ምዕራብ-ደቡብ ምዕራብ አዙሮ ከአድማስ 69 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ ይበቃ ነበር። ሞገዱ 1.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ በመሆኑ የክረምት ዝናብ ብዙም አይነካውም ነበር። የሚያፍነው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግድግዳና ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ነበር። ሳሎን የተቀመጠ ሬዲዮ ዝም ስለሚል አንቴናውን በገመድ ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ይል ነበር፤ ኤፍኤም ግን ወጥ ቤትም ይሰማል።

የሳተላይቱ አቅም በሰከንድ 16 ኪሎቢት መረጃ በሚያሳልፍ ሽንሽን ተከፋፍሎ ይሸጥ ነበር። በአንድ የስርጭት ክልል 192 ሽንሽን ነበረ፤ ጥርት ያለ ሙዚቃ 4 ወይም ከዚያ በላይ ይወስድ፣ ንግግር በ1 ያልፍ ነበር። ጥራት ሲጨምር የጣቢያ ቁጥር ይቀንሳል፤ የአቅራቢው ዋና ስሌት ይኸው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ፍልሚያው በመኪና ነበር። በ1997 ጨረታ ሁለት የሳተላይት ሬዲዮ ፈቃድ ብቻ ተሸጠ። ፈቃዱን ያገኙት ኩባንያዎች፣ ኤክስኤም ከመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሲሪየስ ከፎርድ ጋር ተዋውለው ሬዲዮው ከፋብሪካ ተገጥሞ ይወጣ ጀመር። ሲሪየስ ለታዋቂው የሬዲዮ አዘጋጅ ሃዋርድ ስተርን የአምስት ዓመት ውል 500 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ወጪው ሁለቱንም ሲያደቅቃቸው በ2008 ተዋሃዱ። በከተማ ሕንፃ መሐል ድምፁ እንዳይቆረጥ መሬት ላይ ማጠናከሪያ ጣቢያ ተክለው ነበር፤ ጅማ ላይ ይህ አልነበረም።

በዚያ ላይ ጅማ ውስጥ ተቀናቃኙ ነፃ ነበር። የቪኦኤና የዶቼ ቬለ አማርኛ በአጭር ሞገድ ያለ ክፍያ ሲገባ፣ መቶና ከዚያ በላይ ዶላር የሚያወጣ ሬዲዮ ገዝቶ ወርሃዊ ክፍያ መጨመር ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነገር ነበር። ወርልድስፔስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ከባለዕዳዎች የሚከላከል የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ።

ዛሬ ቦታውን የያዘው የቴሌቪዥን ዲሽ ነው፤ ሪሞቱ ላይ ቲቪ/ሬዲዮ የሚለውን መጫን ነፃ ጣቢያዎችን ያወጣል። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላለው ኤንኤስኤስ-12 ለተባለው ሳተላይት ዲሹ ከጅማ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ፣ 65 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ይህ ሞገድ ግን ዝናብ አይችልም፦ ዶፍ ሲወርድ ይጠፋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። ካባራ በኋላም ካልተመለሰ ዲሹን ከመነካካት በፊት ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሞገድ ተቀባይ) ላይ ያለውን የገመድ መጋጠሚያ ፈቶ ውሃ መግባቱን ማየት ይሻላል።