የጣና ዳር ደን፦ ለምን ይመናመናል? እንዴትስ ይለካል?

ስለ ደን መመናመን ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የዝናብ ደን ነው፤ ጣና ዳር ያለው ግን የዝናብ ደን አይደለም። የዝናብ ደን በዋናነት ያለው አማዞን፣ ኮንጎና ኢንዶኔዥያ ነው። በእኛ አገር ለዚያ የሚቀርበው የካፋና የሸካ ደን ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ክረምቱ ካለፈ ደግሞ ወራቱ ደረቅ ናቸው። ዛፎቹ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ ናቸው። ይሁን እንጂ ደኑ የሚያልቅበት መንገድም ሆነ የሚለካበት ጣጣ ከዚያኛው ጋር ብዙ ይመሳሰላል።

አማዞን ላይ ትልቁ መንስኤ የከብት ግጦሽ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፓልም ዘይት እርሻ ብዙ ደን በልቷል። እዚያ ትልልቅ ኩባንያዎች ሰፊ መሬት በአንድ ጊዜ ይመነጥራሉ። ጣና ዳር ግን ነገሩ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ገበሬው በየዓመቱ ድንበሩን ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ልጅ ሲጎለምስ መሬት ይፈልጋል። ጫት እየተስፋፋ ነው። ባሕር ዳርም በፍጥነት አድጋለች፤ ከተማ ደግሞ ማገዶ፣ ከሰልና የቤት መሥሪያ እንጨት ይፈልጋል። ምጣዱን አንርሳ። እንጀራ መጋገር ከቤት ውስጥ ሥራ ሁሉ ይበልጥ እንጨት የሚፈጀው ነው፤ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ቤትም ወደ ጭራሮ ትመለሳለች።

ዘጌን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ጣና ውስጥ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት እዚያ ነው። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ለሕዝቡ ቡናን፣ ሎሚንና ጌሾን ሰጥተዋል፤ በልዋጩ ማረስና ከብት ማርባት ተከልክሏል። ይህ ክልከላ ነው ዘጌን በደን ያቆየው። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ከሌለ ምንጣሮ የለም። ቡናው ደግሞ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ዛፉን ማቆየት ለባለቤቱ ጥቅም ነው።

ችግሩ ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ሆድ ግን በየቀኑ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ እንጨት ተቆርጦ፣ ታንኳ ላይ ተከምሮ፣ ባሕር ዳር ገበያ ይወጣል። የደንገሉ ታንኳ ውኃው አፍ እስኪደርስ ተጭኖ ሲመጣ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔ ቆራጩን ለመውቀስ አልደፍርም። በመሃል ባሉት ወራት ሌላ ገቢ ያላገኘ ቤተሰብ ሌላ የሚሸጠው የለውም።

ይህን ሁሉ ከላይ የሚያየው ሳተላይት ነው። ላንድሳት የሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምድርን ያነሳል፤ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ምስሉ ለማንም በነፃ ነው። አንዷ የምስል ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ሁለት ቃዳ መሬት፣ ስድስት ነጥብ እንኳን አይሞላም። ትንሽ የቤተክርስቲያን ደን እዚህ ላይ ጠርዙ ከማሳው ጋር ይደበላለቃል። ሴንቲኔል የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ10 ሜትር ስለሚያነሳ ይሻላል። በክረምት ደመናው ሁሉንም ይሸፍናል። ጥሩው ምስል የጥርና የየካቲት ነው፤ ሰብሉ ተሰብስቦ ማሳው ሲገረጣ ዛፉ ጎልቶ ይታያል። ደመናን አልፎ የሚያየው ራዳር ብቻ ነው።

ከመሣሪያው የባሰው ግን ትርጉሙ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር ቁመትና 10 በመቶ የቅጠል ጥላ ያለውን ነው። ኢትዮጵያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ስፋቱን ሳትነካ ቁመቱን 2 ሜትር፣ ጥላውን 20 በመቶ አደረገችው። ያኔ አንድ ዛፍ ሳይተከልና ሳይቆረጥ የአገሪቱ የደን ቁጥር ተለወጠ። ባሕር ዛፍም መስፈርቱን ካሟላ ደን ይባላል። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት አቆይቶ፣ ለከሰል ይቆርጠዋል፤ መልሶም ይተክላል። ሳተላይቱ ግን መቆረጡን አይቶ «ደን ጠፋ» ይላል። በአንጻሩ ጥንታዊ የወይራ ደን በባሕር ዛፍ ሲተካ ካርታው ላይ ምንም አልጎደለም። ለእኔ ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። «ድሮ 40 በመቶው አገራችን ደን ነበር» የሚባለውም ሲደጋገም ኖረ እንጂ በዚያ ዘመን ማንም የለካው ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ መሬት ላይ ወርዶ መለካት የግድ ነው። ግንዱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ በሜትር ይዞራል፤ ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ ይገኛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ችግኝ መቁጠር ነው። ከላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ደን ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ ተተኪ የለም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሳተላይት አይነግረንም።

የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተክርስቲያን ደኖች ላይ ያጠናው ይህንኑ ነው። ከብት የሚገባበት ደን ችግኙ ይበላል፣ ይረገጣል። በኋላ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠራ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ እሱም ለማረስ ቀለለው፣ ደኑም ከከብት ተከለለ። ካቡ የደኑ ወሰን የት እንደሆነም ለለኪው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ከዓመት ዓመት ያንኑ መስመር ይዞ መቁጠር ይቻላል።